ያበላ ሰው አያስፈርምም

ሚስቴ ፍሬ ሰው አትፈራም። ከባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ጋር ትከራከራለች፤ አከራያችንን እንኳ ድምፁን ዝቅ ታስደርገዋለች። አንድ ድካም ብቻ አለባት፦ ያበላትን ሰው እምቢ ማለት አትችልም። ስፔን፣ ቴኔሪፍ ደሴት ላይ የማንችለውን ቤት ሊያሸክመን የነበረውም ይኸው ድካሟ ነው።

ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት የሄድነው ባለፈው ዓመት ነበር። ባሕሩ ዳር አንዲት ፈገግተኛ ሴት አገኘችን። ምሳ ጋበዘችን፣ ለልጃችን ለዳኒኤላ አይስክሬም ገዛችላት፣ ፍሬ ስለ አባቷ ስትነግራት ደግሞ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ውል አወጣች። በየዓመቱ አንድ ሳምንት ደሴቲቱ ላይ ባለ ቤት ማረፍ፣ በየወሩ መክፈል፣ ይህም ዕድሜ ልክ። ፍሬ ባዶውን ሳህን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ፈረመች። እኔ ደግሞ ሚስቴን አየሁና ፈረምኩ።

ነገሩ የገባን ወደምንኖርበት ፍራንክፈርት ተመልሰን፣ ሮደልሃይም ሰፈር ኩሽናችን ውስጥ ስንቀመጥ ነው። ፍሬ አረጋውያን ስትጦር፣ እኔ አየር ማረፊያ ሻንጣ ስጭን የምናጠራቅመው ለአንድ ጉዳይ ነበር። የፍሬ አባት አቶ ገሰሰ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም አይመለስም ብሏል። ሳይጨልምባቸው የልጅ ልጃቸውን ፊት ማየት ይፈልጋሉ። ውሉ ከጸና አገር ቤት መሄዳችን ቀረ ማለት ነው።

ደግነቱ መውጫው እዚያው ውሉ ላይ ተጽፏል፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ዊደሩፍ» የሚሉትን የማፍረሻ ደብዳቤ ከላክን፣ ያለ ምክንያትና ያለ ቅጣት ይፈርሳል። ጻፍኩት። ፍሬ አልፈርምም አለች።

«ምሳዋን በልቼ፣ ሮቤል? ለልጄ አይስክሬም ገዝታልኝ? በኔ የተነሣ ከሥራዋ ብትባረርስ?»

«ከራስ በላይ ነፋስ!» አልኳት። ባልተናገርኩ! ይባስ ብላ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ መፈረም ግን አልፈረመችም።

ጊዜው ሊያልቅብን ሲል ከታች ቤት የሚኖሩትን ጋሽ ሳልሕን ለመንኳቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚሁ ከተማ ፌኸንሃይም ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ። ፍሬ እኔን ባትሰማ እሳቸውን ትሰማለች። መጥተው ሁሉንም አዳመጡ።

«ጓለይ፣» አሏት እንደ ልማዳቸው በትግርኛ፣ ልጄ ለማለት፣ «አንቺ ቤት በልቼ አውቃለሁ?»

«ስንቴ፣ ጋሼ!»

«አስፈርመሽኝ ታውቂያለሽ?»

ፍሬ ዓይኗን ወደ ደብዳቤው መለሰች።

«ያበላ ሰው አያስፈርምም። የሷ ሥራ ነው እንጂ ግብዣ አይደለም። አትጥያት፤ ግን ውለታ የለብሽም። ውለታ ያለብሽ ለአባትሽ ነው።»

ፍሬ እጇን ዘረጋችና እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ፈረመች። ጋሽ ሳልሕ አብረውን ፖስታ ቤት ድረስ መጡ፤ ደብዳቤውን በአደራ ላክነው።

ውሉ መፍረሱን የሚገልጸው መልስ ሲመጣ ፍሬ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፤ ጋሽ ሳልሕም ከታች ሰምተው አልሐምዱሊላህ ማለታቸውን በኋላ ነገሩን። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠንን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

እሑድ ምሳ ጠራናቸው። የኛን ሥጋ ስለማይበሉ ፍሬ የዓሣ ወጥ ሠራች። ጥግብ ብለው በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ የጠረጴዛውን ልብስ ገለጥ አድርገው ወደ ሥር አዩ።

«ዛሬስ የሚፈረም ነገር የለም?»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። ፍሬ ግን ተነሥታ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አለ፣ ጋሼ። ይፈርሙ።»

የዳኒኤላ ኪንደርጋርተን ወረቀት ነበር። እኛ ሥራ ላይ ስንሆን ልጅቷን መውሰድ የሚችል ሰው የሚመዘገብበት ነው። ፍሬ ስማቸውን ጽፋለች፤ «ዝምድና» በሚለው ፊት ደግሞ «ኦፓ»፣ አያት፣ ብላለች። ጋሽ ሳልሕ ልጅ የላቸውም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ዳኒኤላ ጭናቸው ላይ ወጥታ «ሂር፣ ኦፓ» እያለች ቦታውን በጣቷ አሳየቻቸው። ቀስ ብለው ፈረሙ።

«በሉ እንግዲህ ትኬት ቁረጡ፣» አሉ እስክሪብቶውን ለፍሬ እየመለሱ። «ያኛው አያቷ ሳይመሽባቸው ይዩዋት።»