ለመብረር ብቁ ነኝ

"እመጣለሁ" አለችና ሰኪና ስልኩን ዘጋችው። ምን እንዳለች የገባት ከዘጋችው በኋላ ነው።

"ማነው?" አለ ባሏ ዘካሪያ፣ የልጃቸውን የናፊሳን ምሳ ዕቃ እየከደነ።

"ስኬጁሊንግ።"

"ኖ! ዛሬማ አይሆንም! እና ምን አልሻቸው?"

"እመጣለሁ አልኩ።"

ዘካሪያ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገና አፍጥጦ አያት። ቢያፈጥጥም አይፈረድበትም። ጊዜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ነው። ከቀትር በኋላ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሰኪና እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ በሦስት ፕሮፌሰሮች ፊት የማስተርስ ጽሑፏን ዲፌንስ ልታደርግ ነበር። ይህችን ቀን ሦስት ዓመት ጠብቃታለች። አሁን ግን አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ኤርፖርት ተገኝታ፣ በረዳት አብራሪነት ወደ ስፖኬን፣ ከዚያም ወደ ቦይዚ በርራ፣ ሲያትል የምትመለሰው አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የተጠባባቂ አብራሪ ኑሮ እንዲህ ነው። ቤትህ ቁጭ ብለህ አብራሪ የሚመድበውን የስኬጁሊንግን ስልክ ትጠብቃለህ፤ ሲደወል በሁለት ሰዓት ውስጥ ዩኒፎርምህን ለብሰህ ከች ማለት አለብህ። የዩኒፎርሙን ማማር ያየ ሰው ይህን አያውቅም።

"ቀኑን እንዲቀይሩልኝ ሁለት ጊዜ ለምኛቸው እምቢ ብለውኛል" አለች ሰኪና። "አሁን አልመጣም ብል ምን ይሉኛል?"

"ታምሜያለሁ በያቸዋ!"

"አልታመምኩም።"

"እሺ ደክሞኛል በያቸው። ደክሞሻል አይደል እንዴ? ስንት ሰዓት ነው የተኛሽው?"

ሰኪና የዩኒፎርም ኮቷን ልታነሳ ዞረች። ምዕራፍ አራትን ስትጽፍ ስትሰርዝ ነግቶባት፣ የተኛችው ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። ጉድ የሚባለው ደግሞ ይሄ ነው፦ የጽሑፏ ርዕስ ራሱ "አብራሪዎች ደክሟቸው ሳለ ለምን ደክሞናል አይሉም?" የሚል ነው። ሕጉ የደከመው አብራሪ አልበርም እንዲል ይፈቅድለታል፤ እንዲያውም ያዝዘዋል። ሰው ግን ሰነፍ መባልን ይፈራል፣ አለቃውን ይፈራል። ሰኪና ስልሳ አንድ አብራሪዎችን ጠይቃ ይህንን መቶ ሃያ ገጽ ጽፋበታለች። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ግን እሷም እንደ ሰዉ ፈርታ፣ እመጣለሁ ብላ አረፈችው።

እናቷ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ከመኝታ ክፍላቸው ብቅ አሉ። ገና በጠዋቱ የዒድ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

"ሰኪ፣ የኔ ልጅ፣ አላህ ያግራልሽ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱዓዬን ይዤ ከጎንሽ እቀመጣለሁ።"

"እማ፣ ሥራ ልሄድ ነው።"

"ሂጂና ቶሎ ተመለሺያ ታዲያ!"

ምን ይባላል? ወይዘሮ ኡሙልኸይር ለቅዳሜ ሬኒየር ቢች አዳራሽ ይዘዋል፤ የጀመዓውን ሴቶች አንድ ሳያስቀሩ ጠርተዋል። ከወር በፊት ልጃቸውን ፎቶ ቤት ወስደው፣ ገና ሳትመረቅ የውሰት የምረቃ ጋውን አልብሰው አስነስተዋታል። ፎቶው ከወራቤ እስከ ቶሮንቶ ያልደረሰበት ስልክ የለም። "ዲግሪው እስኪመጣ ጋውኑ ከተመለሰ ምን ይውጠናል" ነበር ያሉት ያኔ፤ ሰኪናም ስቃ ነበር።

ናፊሳ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ጋ ቆማለች። ስምንት ዓመቷ ነው።

"ማም፣ አር ዩ ሆም ቱናይት?"

"አዎ፣ እናቴ። ማታ እመጣለሁ።"

"ኦኬ" አለች ናፊሳ። ፊቷ ላይ ደስታም ቅሬታም አልነበረም።

የሰኪናን አንጀት የምትበላት ይህችው "ኦኬ" ናት። ድሮ ልጅቷ ታለቅስ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ እናቷ የምታድርባቸውን ቀኖች ካላንደር ላይ በቀይ ማክበብ ጀመረች። አሁን ሁሉንም ትታ ኦኬ ብቻ ነው የምትለው። ሰኪና ማስተርሱን የጀመረችው ለዚህ ነው። የድርጅቷ የደኅንነት ቢሮ ውስጥ ጠዋት ተገብቶ ማታ የሚወጣበት አንድ ቦታ ተከፍቷል፤ ያለ ማስተርስ ግን አይታሰብም፤ ማመልከቻውም ጁን መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ካመለጣት ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

ከማውንትሌክ ቴራስ ጣቢያ ባቡሩ ላይ እንደወጣች ለአማካሪ ፕሮፌሰሯ ጻፈች፦ "ሥራ ተጠርቻለሁ። ዲፌንሱ ነገ ቢሆንልኝ?" መልሱ ሾርላይን ሳይደርሱ መጣ። ሁለቱ ገምጋሚዎች ከነገ ጀምሮ ለዕረፍት ይሄዳሉ። ዛሬ ካልሆነ ሴፕቴምበር ነው።

ሴፕቴምበር! ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ መልሳ አወጣችው፤ እንደገና አነበበችው። ተነስታ ቆመች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ለስኬጁሊንግ ልትደውል ቁጥሩን አወጣችና "ሁለት ጊዜ ፈቃድ ከልክለናት፣ በሦስተኛው ደከመኝ አለች" ሲሉ ተሰማት። ቁጥሩን አጠፋችው። ባቡሩ መሀል ከተማን አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። ሬኒየር ቢችን ስታይ እናቷ የያዙት አዳራሽ ትዝ አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም።

"ልጄ... አንቺ ልጅ! ኧረ ተነሺ!"

አንዲት ጠና ያለች ሴት ትከሻዋን እየነቀነቀቻት ነው። ደረቷ ላይ የአረጋውያን መንከባከቢያ መታወቂያ ተንጠልጥሏል፤ ባየሽ ይላል።

"ኤርፖርት ደረስን?"

"ኤርፖርቱማ አለፈሽ። አንግል ሌክ ነን፣ የኔ ሰፈር። እዚያ ስንደርስ ዩኒፎርምሽን አይቼ ነካ ነካ አድርጌሽ ነበር፤ ወይ ፍንክች!" አለች ባየሽ። ከዚያ ዓይኗ የሰኪና ትከሻ ላይ ያሉት ሦስት ወርቃማ መስመሮች ላይ አረፈ። "ኧረ በእመቤቴ! አብራሪ ነሽ እንዴ?"

"አዎ።"

"አሁን ልታበሪ ነው?"

"አሁን።"

ባየሽ አማተበች። "እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሽማግሌ ሳገላብጥ አድሬ እንኳ መውረጃዬን አላለፍኩም! ዛሬስ ከመሬት ንቅንቅ አልልም" አለችና ሳቀች። የሰኪናን ፊት ስታይ ሳቋን አቆመች። "ልጄ፣ ቤትሽ ሄደሽ ብትተኚስ?"

ሰኪና አመስግናት እየሮጠች ወደ ተመላሹ ባቡር ተሻገረች። አንድ ጣቢያ ነው፤ አንዲት ጣቢያ ብቻ ናት ያለፈቻት። ግን ስትነካ አልነቃችም። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም፤ ፈራች።

የአብራሪዎች ክፍል የደረሰችው ሁለት ደቂቃ ሲቀራት ነው። ካፒቴኑ ጸጉሩ የነጣ የሞንታና ሰው ነው፤ አብረው ብዙ ጊዜ በርረዋል። ቡናውን ከጎኑ አስቀምጦ የበረራውን ወረቀት ታብሌቱ ላይ ያያል።

"ዲፌንስሽ ዛሬ አልነበረም እንዴ?" አላት። ለካ ያልሰማ የለም።

"ነበር።"

"ያሳዝናል። ያንቺን መጠይቅ እኔም ሞልቻለሁ እኮ። 'ደክሞህ በርረህ ታውቃለህ?' ለሚለው በጭራሽ ብዬ መለስኩ" አለና ፈገግ አለ። "ዋሽቼሻለሁ።"

"ለምን? ስም አይጻፍበትም ነበር።"

"ማን ያምናል ብለሽ ነው?" ታብሌቱን ወደ እሷ ገፋው። "የስፖኬን ነፋስ ስንት ነው ይላል?"

ሰኪና አነበበችው። ቀና ብላ ልትነግረው ስትል ቁጥሩ ከአፏ ጠፋ። ጎንበስ ብላ ደግማ አነበበች፤ ቀና ስትል ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ካፒቴኑ ቡናውን ረስቶ እያያት ነበር። ከገጹ ግርጌ እያንዳንዱ አብራሪ ከበረራ በፊት የሚነካት ሳጥን አለች፤ "ለመብረር ብቁ ነኝ" ትላለች። ሰኪና በአምስት ዓመት ውስጥ ሳታስበው ስንቴ እንደነካቻት ቁጥሩን አላህ ይወቀው። ውጪ በር ላይ ሰባ መንገደኞች ቦርሳቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ስትገባ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ አይታለች።

እጇን ሰበሰበች።

"ካፒቴን፣ እኔ ዛሬ አልበርም። ደክሞኛል።"

ካፒቴኑ ታብሌቱን ወደ ራሱ መለሰው። "ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?" አለ።

"አውቃለሁ።"

"እኔ አምንሻለሁ፤ ዓይንሽን እያየሁት ነው። እነሱ ግን አላዩሽም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲፌንስ ማድረግሽን ሲሰሙ ደግሞ በቃ፤ ነገ የምሩን የደከመው ልጅ ሲደውል፣ 'አንተስ የምን ፈተና አለብህ?' ነው የሚሉት።"

ሰኪና ለስኬጁሊንግ ደወለች። የሚያነጋግራት ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሌላ አብራሪ እስኪገኝ በረራው እንደሚዘገይ ነገራት። ከዚያ፣ "ይሄ ነገር ለዛሬ ከጠየቅሽው ፈቃድ ጋር አይገናኝም፣ አይደል?" አላት።

"ደክሞኛል" አለች ሰኪና። ስልኩን ዘጋችው።

ዘካሪያ ሲሰማ በስልኩ ውስጥ ጮኸ። "አልሐምዱሊላህ! ሶ ደረስሽ! አሁኑኑ ነይ፤ ሁለት ሰዓት ትተኛለሽ፣ እኔ ስምንት ተኩል ላይ እቀሰቅስሻለሁ። ያ ረቢ፣ ሲያደርገው እኮ እንዲህ ነው!"

አልዋሽም፤ ሰኪና ባቡር ጣቢያው ድረስ በፈጣን እርምጃ ነው የሄደችው። እውነትም እኮ ደርሳለች! አልዋሸችም፣ አላጭበረበረችም፤ ደክሟት ደክሞኛል አለች፤ ቀሪው ቀን የራሷ ነው። ቤቷ ገብታ በራሷ ሰዓት ዲፌንስ ብታደርግ ማን ምን ያገባዋል?

እንቅልፍ እንዳይጥላት ባቡሩ ውስጥ ብረቱን ይዛ ቆመች። ሬኒየር ቢች ሲደርሱ፣ የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገምጋሚዎቹ ሲፈርሙ ቀኑ እንደሚጻፍ አስታወሰች። ያንን ገጽ ከማመልከቻዋ ጋር የሚያየው የደኅንነት ቢሮው ነው፤ የደከሙ አብራሪዎች ሪፖርት የሚገባውም እዚያው ነው። ቢያዩ ይዩ! አለች። ጣቢያ ሳያልፍ ደግሞ ካፒቴኑ ትዝ አላት፤ ስም በማይጻፍበት ወረቀት ላይ እንኳ ፈርቶ የዋሸው ሽማግሌ። ከስልሳ አንዱ ስንቱ እንደሱ ይሆን? ሌላ የደከመው ሰው ስልኩን አንስቶ፣ የሷን ስም አስታውሶ ቢዘጋውስ? እንደገና ናፊሳ መጣችባት። ኦኬ። ያንን አንድ ዓመት ልትሰማው ነው? መስኮቱን ፊት ለፊት እያየች አለቀሰች። ሰው ሲያያት ፊቷን አዞረች።

ቤት ስትደርስ ዘካሪያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ ብርሃኑን አስተካክሎ፣ ከወንበሩ ኋላ ያለውን የልብስ ክምር አንስቶ ጠበቃት። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሙስበሐ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተሰይመዋል።

"ቶሎ በይ፣ ተኚ! አላርም ሞልቻለሁ" አለ ዘካሪያ።

ሰኪና ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ኮቷን ሳታወልቅ ለፕሮፌሰሯ መጻፍ ጀመረች፦ "ዛሬ ስለደከመኝ ከበረራ ወጥቻለሁ። ደክሞኛል ብዬ በወጣሁበት ሰዓት ዲፌንስ ማድረግ አልችልም። ሴፕቴምበር ይሁንልኝ።"

ዘካሪያ ከኋላዋ ቆሞ አነበበው።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሰኪ! ለሰው ወሬ ብለሽ?"

"ለወሬ አይደለም። ደክሞኛል ብዬ ሰባ ሰው አስቁሜ መጥቻለሁ፣ ዘካ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ ቁጭ ብዬ ስለ ድካም ባስተምር ማን ያምነኛል? ከኔ በኋላስ ደክሞኛል የሚለውን ማን ያምነዋል?"

"እና ሥራውስ? ናፊሳስ?"

"እሱን አትንገረኝ" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "እሱን አውቀዋለሁ።"

ዘካሪያ በረንዳው ላይ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ሰኪና መልእክቱን አንዴ ደግማ አነበበችና ላከችው። ጉዳዩ አለቀ። ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ እናቷ ከኋላ ተከተሏት።

"ሰኪ፣ እኔ አልገባኝም። ዛሬ ነው አላልሽም? ሰው ጠርቻለሁ እኮ! ከቶሮንቶ ሳይቀር ተነስተው የሚመጡ አሉ። የጀመዓው ሴቶች ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ላይ እልል ሊሉልሽ አንድ ላይ ይደውላሉ። ምን ልበላቸው?"

ሰኪና ኮቷን ወንበሩ ላይ ጣለችና መጋረጃውን ሳበችው።

"ደክሟት ተኝታለች በያቸው፣ እማ።"