ዝም ብሎ የማየት ሥራ

ጡረተኛው ሹፌር ማሽኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና ዞር ብለው "ልጄ፣ አሁንስ?" አሏት። ሐውልት መልስ አልሰጠችም። ሥራዋ ዝም ማለት ነው። አዲሱን የድምፅ መስጫ ማሽን ሰዎች ያለ እገዛ ይችሉት እንደሆነ ጥግ ተቀምጣ ታያለች፤ ያየችውን ትመዘግባለች። ሽማግሌው ጥቂት ጠብቀው፣ አመስግነው ሲነሡ፣ ደንቡ እንደሚያዘው ድምፃቸው እንዳልገባ ነገረቻቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እርጅና ነው" አሉና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

የእርጅና ነገር አልነበረም። ሰው የፈለገውን ምልክት ይነካል፤ ምልክቱ ይደምቃል፤ በቃ ጨረስኩ ብሎ ይነሣል። ማሽኑ ግን ከታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል "አጽድቅ" የሚል ቃል አውጥቶ ይጠብቃል። ካልነኩለት ትንሽ ቆይቶ ሁሉንም ያጠፋዋል።

በሌሎቹ የሙከራ ክፍሎች ይህ ጉድ አልታየም። እንዴት ይታይ? የጨዋ ልጅ አረጋዊ ሲደናበር እያየ ዝም አይልም። የጎን ክፍል ባልደረባዋ "እማማ፣ አንዲት ነገር ቀርታለች" ትልና በዓይኗ ትጠቁማለች፤ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። በእነሱ ደግነት ማሽኑ ፈተናውን እያለፈ ነው። የሚወድቀው እሷ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩ የማሽኑ ሳይሆን የፊቷ ነው ተባለ። እሷን ያየ ሰው እንኳን ምልክት ስሙንም ይረሳል እያሉ ባልደረቦቿ ይስቃሉ። ሐውልት ያሏትም እነሱ ናቸው።

አልከፋትም። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ የሚከፋትም የሚያስደስታትም ነገር የለም። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ወንበር ስትደረድር ዋለች፤ እንባ የሚባል ጠብ አላለላትም። እናቷ ይህን አልረሱላትም። አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። በሩን ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ ካልሆነ በቀር ቃል አይለዋወጡም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ተሳታፊ ሳትመጣ ቀረች። የመጨረሻዋ ነበረች። ይህ ሙከራም ከወደቀ የውድቀቱ ቁጥር ሞልቶ ማሽኑ ለእርማት ይመለሳል፤ ካለፈ ወደ ምርጫ ጣቢያዎች ይጫናል። አለቃው ሪፖርቱን ዛሬውኑ መዝጋት ስለፈለገ፣ ቤታችሁ እዚሁ አይደል፣ እናትሽን አምጪያቸው አላት። የቤተሰብ ሰው አይፈቀድም ብትለው፣ ደንብ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለደንብ አይደለም ብሎ ሳቀ። ደወለች። እምቢ ይላሉ ብላ ነበር፤ ጫማቸውን ወልውለው መጡ።

እናቷ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ምልክቶቹ ለሙከራ ብቻ የተሣሉ ናቸው፤ ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ብስክሌት። አንድ በአንድ አዩአቸውና ብስክሌቱን ነኩ። ብስክሌቱ ደመቀ።

"ይኸው ጨረስኩ" አሉ። ዞረው ልጃቸውን አዩአት፤ ፈገግ ብለዋል። "ብስክሌቱን መረጥኩለት። ደስ አይለውም ነበር?"

ወንድሟ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ፈገግታ አይታው አታውቅም። ከኋላ የቆመው አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ሐውልት ዝም አለች። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ልጠብቅሽ ብለው ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከኋላቸው ብስክሌቱ ጠፋ።

አለቃው በሩን ዘጋ። "የእናትሽን እንሰርዘዋለን። የቤተሰብ ሰው አይፈቀድም፤ ደንቡ ነው።"

"ቅድም እኮ ነግሬህ ነበር።"

"ቅድም ሌላ፣ አሁን ሌላ። ከተመዘገበ በደንቡ መሠረት ልትነግሪያቸው ነው። ምን አለበት፣ ደስ እንዳላቸው ቢሄዱ?"

እውነቱን ነው። ቢሰረዝ እናቷ ምንም ሳያውቁ ወደ ቤት ይገባሉ። ምናልባት ማታ እራት ላይ ስለ ወንድሟ አብረው ያወሩ ይሆናል። ይህን ፈለገችው። መፈለጓ ራሱ አስገረማት።

ወጣች። እናቷ አግዳሚው ላይ ሆነው፣ ምንም አያስቸግርም እኮ፣ እያሉ ለጽዳት ሠራተኛዋ ያወሩ ነበር።

"እማዬ፣ ድምፅሽ አልገባም።"

"ብስክሌቱ በራልኝ እኮ።"

"በርቷል። ከዚያ ከታች አንድ ነገር መንካት ነበረብሽ። ስላልነካሽው ጠፋ።"

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ራቅ አለች። እናቷ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

"አንቺ እያየሽ?"

"እያየሁ። የምርጫው ቀን እኮ መጋረጃ ውስጥ ብቻሽን ነሽ። ማንም አይነግርሽም።"

እናቷ ቀና ብለው አዩአት። "ወንድምሽንም እንዲሁ ቆመሽ ነው ያስቀበርሽው" አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ ነው። ሐውልት ማዘኗን አወቀች እንጂ አልተሰማትም።

እናቷ የደረጃውን ብረት ይዘው ብቻቸውን መውረድ ጀመሩ። ልትከተላቸው አንድ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ አለቃው መዝገቡ ካለበት ኮምፒውተር ጋር ብቻውን መሆኑን አሰበችና ተመልሳ ገባች።

"አትሰርዘው" አለችው። "ነግሬያታለሁ።"