ጥይት የሚመልሰው ቁጥቋጦ

ወታደሮቹ የሚለማመዱበትን ጫካ በኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ። ጫካውን የሚያሳያቸውን መነጽር አጥልቀው፣ የውሸት ጠብመንጃ ይዘው አዳራሽ ውስጥ ይዋጉበታል። ስሠራው፣ በየቅጠሉ መሃል የሚያልፈውን ጥይት ማስላት ማሽኑን ቀጥ እያደረገ አስቸገረኝ። ጊዜ አልነበረኝም፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ ለጊዜው እንደ ግንብ ጥይት እንዲመልስ አደረግሁት። በእኛ ሙያ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። እኔም ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ ነው፤ በማግስቱ ወደ እውነተኛው ጫካ ሊዘምቱ ነበር። ሊሰናበተኝ መጥቶ ከጓዶቹ አንደኛ መውጣቱን ደረቱን ነፍቶ አወራኝ። እንዴት ብዬ ጠየቅሁት።

«ቀላል ነው እትዬ። ተኩስ ስትሰሚ ከቁጥቋጦ ኋላ ጥልቅ ማለት ነው። ሁሉንም አስተምሬያቸዋለሁ።»

ያ ለጊዜው ያልኩት ቁጥቋጦ ትዝ አለኝ። ስህተቴን ስነግረው ሳቀብኝ። ቅጠል ጥይት እንደማይመልስ የማያውቅ ሕፃን መሰልኩሽ ወይ አለኝ።

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት ጦር ሰፈሩ ሄጄ ለአዛዣቸው ለሻለቃው አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ ቢሆንም አርባውን ሠልጣኞች ሰብስቦ ነገራቸው። አርባውም በአንድ ድምፅ ገብቶናል አሉ፤ አንዳንዶቹማ ሳቁ። ሻለቃው በቃ ተነገራቸው፣ አሁን ወደ ሥራሽ ሂጂ አለኝ። መኪኖቹ ሞተራቸውን አስነስተዋል።

በቃ? ሦስት ወር ሙሉ የለመደ ሰውነት በሁለት ደቂቃ ንግግር ሊመለስ? ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። የጭነት መኪናውን የኋላ ብረት መዝጊያ መቀርቀሪያ ነቅዬ ለቀቅሁት። ብረቱ እንደ ተኩስ ጮሆ ግቢውን አናጋው።

አጠገባቸው የድንጋይ አጥር ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አርባውም ከቢሮው ፊት ከተተከለው የአበባ ቁጥቋጦ ኋላ ተደፉ፤ ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ።

በቅጠሉ መሃል ቀና ብሎ አየኝ። አሁን አይስቅም።

«እትዬ፣ ሳላስበው እኮ ነው» አለኝ።

ሻለቃው ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ተሳፈሩ አለ።