ጉድ፣ እሪ፣ ዳንስ

ሰፈሩ «ጄኔራሉ» ይለዋል። ጦር ሜዳ ውሎ አያውቅም፤ የሆቴል በር ከፋች ነው። ማዕረጉን ያገኘው ከደንብ ልብሱ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ ወርቅ የሚመስሉ ቁልፎች፣ ትከሻው ላይ የተንዠረገገ ክር። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ የሰፈር ልጆች ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱም ፈገግ ሳይል እጁን ወደ ቆቡ አንስቶ ይመልስላቸዋል።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ግን ሠራተኛውን ሰብስባ፣ በር ላይ የሚቆም ሰው ከእንግዲህ እንግዳውን በእንግሊዝኛ ተቀብሎ በእንግሊዝኛ መሸኘት አለበት አለች። ጄኔራሉ የዚያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ትልቋ ልጁ ሄደ። እሷ በእንግሊዝኛ ከክፍሏ የሚደርስባት አልነበረም።

«የኔ እናት፣ አባትሽን ከዚህ ጭንቅ አውጪው» አላት።

መጀመሪያ በደስታ ነበር የያዘችው። በሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ የእንግሊዝኛ ስማቸውን እየጻፈች ለጠፈች። ቤቱ የዕቃ ሱቅ መሰለ። እናቷ፣ «እኔስ ምን በወጣኝ? ግንባሬ ላይ ለጥፉብኛ!» እያለች ትስቅባቸው ነበር። የአባትየው ጭንቅላት ግን ወንፊት ሆነ፤ ዛሬ የጨመረችበትን ነገ አፍስሶ ይመጣል። ልጅቱ ዘዴ ፈጠረች፤ አዲሱን ቃል ከሚያውቀው ቃል ጋር ማጋባት። ሻንጣ «ላጌጅ» ነው፤ «ላጌጥ ያለ ሰው ላጌጅ ያበዛል» አለችው። የዘገየ «ሌት» ነው፤ «ሌት የመጣ እንግዳ ሌት ነው» አለችው። አባትየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሳቀበት ቃል ደግሞ ዳግመኛ አልጠፋውም።

እየቆየ ግን ነገሩ ሰለቻት። ስታጠና ይመጣል፣ ስታወራ ይመጣል፤ ጓደኞቿ ባሉበት ብቅ ብሎ «ይቺ ቃል እንዴት ነበረች?» ይላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከጎረቤት ልጅ ጋር አልጋ ላይ ተጋድመው ስልክ ሲያዩ፣ ጄኔራሉ ደንብ ልብሱን ግጥም አድርጎ እንደለበሰ በሩን ከፈት አደረገው።

«ልጄ፣ እንግዳ ሲሄድ፣ ከ‹ጉድባይ› ከበድ ያለ፣ የክብር የሆነ አባባል የላቸውም?»

ጓደኛዋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ሁለቱም ትራሱ ውስጥ ተቀበሩ።

«አለ አባዬ» አለች ልጅቱ ቀና ብላ። «‹ጉድ ሪዳንስ› ይባላል።»

ትርጉሙ «እንኳን ሄድክልን፣ ተገላገልን» ነው። እሱ ይህን ከየት ይወቅ!

«ይከብዳል» አለ።

«ኧረ አይከብድም። እንግዳው ሲወጣ መጀመሪያ ጉድ! ትላለህ። ከዚያ እሪ! ከዚያ ዳንስ። ጉድ፣ እሪ፣ ዳንስ።»

ጄኔራሉ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ወገቡን ሰበር አደረገና ሞከረው። ጓደኛዋ ሳቋ አፍኗት ከአልጋው ተንሸራተተች። እሱም ስለሳቁ ደስ ብሎት አብሯቸው ሳቀ። «ተባረኪ» ብሎ ወጣ።

ማታ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ማታ ሲመጣ ግን ፊቱ በርቷል።

«እንዴት እንደወደዱት! አንዱማ እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጓደኞቹን ጠርቶ እንደገና በልልን አለኝ!»

እንዲህ የበራ ፊት ላይ ምን ብላ ውሃ ትቸልስ? ለነገ አሳደረችው። ነገም ሌላ ነገ ወለደ። እሱ ቃሏን ፊቱን ሲታጠብ ይላታል፣ ጫማውን ሲያስር ይላታል። እሷ በሰማች ቁጥር ሰበብ ፈጥራ ከክፍሉ ትወጣለች።

አንድ ቀን ጄኔራሉ ከሰዓቱ በፊት ተመለሰ። ኮቱን ለብሶ ሳይሆን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጅቱ ሳህን ታጥባለች፤ እናትየው፣ «ምነው? አመመህ እንዴ?» አለች።

«አንዲት ሴትዮ ነበሩ» አለ። «ባላቸው ለሥራ መጥተው እዚሁ ሞቱባቸው። አስከሬን ሊወስዱ ነው የመጡት። ሲገቡ ሲወጡ በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ስለሌለኝ አንጀቴ እያረረ ዝም እላለሁ። ዛሬ ሊሄዱ ሲሉ፣ ያለኝን ትልቁን ቃል ሰጠኋቸው።»

የልጅቱ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ።

«ቀጥ ብለው አዩኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ሥራ አስኪያጇ ጠርታ ትርጉሙን ነገረችኝ። ልጅቱ በደንብ ነበር ያስተማረችኝ፤ ይሄ ድንጋይ ራሴ ነው አጣሞ የያዘው። ማን አስተማረህ ብትለኝም ልጄን አላነሳሁም፤ ‹ራሴው ነኝ› አልኳት።»

መሬት አፏን ከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢጮህባት፣ ቢመታት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ይከላከልላታል።

«አባዬ» አለች። እጇን ከውሃው አወጣች። «አላጣመምከውም። ልክ እንዳስተማርኩህ ነው ያልከው።»

አልገባውም። «እንዴት?»

«እያወቅኩ ነው።»

ጄኔራሉ ቀና ብሎ አያት። «ያን ቀን የሳቃችሁት...»

«በአንተ ነው።»

እናትየው «አንቺ!» ብላ ተነሳች፤ እሱ እጇን ይዞ «ተያት» አላት። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ የሸኛቸውን ሰዎች በሐሳቡ ይከተላቸው ጀመር። ሙሽሮቹ። ከዘራ የያዙት ሽማግሌ። «ለሕፃናት ጭምር እኮ ብያለሁ» አለ፤ ለራሱ ነበር የሚናገረው። «እጃቸውን እያውለበለቡልኝ።»

በማግስቱ ልጅቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆቴሉ ሄደች። ሥራ አስኪያጇ ፊት ቆማ፣ ጥፋቱ የእሷ እንጂ የአባቷ እንዳልሆነ ተናገረች።

«ይህንን በመናገርሽ ጥሩ አደረግሽ» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ሳትቆጣም ሳታባብላትም። «ለሴትዮዋ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«‹ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በፍቅር ነበር የሚያየኝ፤ እንዲያ እያየኝ ማለቱ ነው የባሰ የጎዳኝ› አሉኝ።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «አባቴን ወደ በሩ ይመልሱታል?»

«እኔ መቼ አነሳሁት! ዛሬ ጠዋት ራሱ ነው የለመነኝ። ‹አፌን አላምነውም፣ ሰው ከማላናግርበት መድቢኝ› አለኝ። ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል ነው ያለው።»

ስትወጣ አየችው። ግራጫ የሥራ ሸሚዝ ለብሶ ከሻንጣዎቹ መሃል አንዱን ወደ መደርደሪያው ያነሳል። ትከሻው ላይ ክር የለም፤ ያለ ኮቱ እንዲህ ቀጭን መሆኑን አታውቅም ነበር። ሲያያት ሻንጣውን አስቀመጠ።

«ምሳ በልተሻል?» አላት።

ከዚያ በኋላ ቃል አልጠየቃትም። ወረቀቶቹ ከበሩም ከመስታወቱም አንድ በአንድ ተነሱ፤ ማን እንዳነሳቸው አላየችም። የጎረቤት ልጅ ያን ቀን አስታውሳ ልትስቅ ስትል፣ ልጅቱ ተነስታ ወጣች።

ወራት አለፉና፣ አንድ እሁድ ጠዋት ከሳሎን ጠራት። «ነይ እስቲ። እንግዶች ሻንጣ ሲያስረክቡን የምንሰጣቸው ደረሰኝ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ሮጣ መጣች። «‹ሪሲት› ይባላል አባዬ።» እንደ ድሮው ከሚያውቀው ቃል ጋር ልታጋባለት አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ሪሲት» አለ። አንዴ ደገመው። ከዚያ ከሶፋው ጎን ወፍራም መዝገበ ቃላት አነሳ፤ መነጽሩን አደረገ። ሊያሳፍራት ብሎ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም። መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኝ እንደሚያይ ሰው ነበር። ጣቱን እየላሰ ቅጠሉን ገለጠ፣ ፊደሉን አለፈው፣ ተመለሰ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ።

ልጅቱ ትሂድ ትቀመጥ አላወቀችም። በመጨረሻ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ መሃል አድርጋ፣ እስኪያገኘው ጠበቀች።