የማይጠይቅ ሴተር

"እስቲ ይሄን ሴተር እዚህ ማን አስቀመጠው?" አለች ዘበኛዋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ደቅና።

"እኔ ነኛ፤ ሌላ ማን አለ?" አለ ፈጣኑ፣ ዓይኑን ከራሱ ኮምፒውተር ሳይነቅል። "ምነው፣ ነከሰሽ?"

ዘበኛዋ ትባል እንጂ ዘብ ቆማ አታውቅም፤ ፕሮግራመር ናት። የእሱን ኮድ እየዞረች "እዚህ ማን ይገባል? ይሄንስ ማን ይነካዋል?" ስለምትል ስሙን ያወጣላት ይኸው ፈጣኑ ነው። እሷም አልማረችውም፤ ሰው ሳያስብ እሱ ጽፎ ስለሚጨርስ "ፈጣኑ" አለችው። ውሎ አድሮ ሁለቱንም እናት ባወጣችላቸው ስም የሚጠራቸው ጠፋ። ቢሮው ከጎማ መሸጫ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ መስኮት ሲከፈት የጎማ ሽታ ይገባል፣ ሲዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም።

የዚያን ቀን የሚያስረክቡት ለአንድ የዓይን ሆስፒታል የተሠራ፣ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ በሽተኞችን ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ በሽተኛ ራሱን የቻለ ቤት ነው በሉት፤ ስሙ፣ ስልኩ፣ የሕመሙ ሁኔታና የተራ ቁጥሩ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከውጭ ያለ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ቁጥሩን ማወቅ ሲፈልግ ጌተር በሚባለው መስኮት አንገቱን አስግጎ ይጠይቃል፤ መቀየር ሲፈልግ ደግሞ ሴተር በሚባለው በር ይገባል። ፈጣኑ ታዲያ ሳይመርጥ ለሁሉም መስኮትም በርም አድሏል። አድሏል እንኳ አይባልም፤ አንድ ትእዛዝ ሰጠ፣ ማሽኑ ዘረገፈለት።

"ስሙ ይቀየር፣ ስህተት ሊኖር ይችላል። ስልኩም ይሁን። የተራው ቁጥር ግን ሴተር ምን ያደርግለታል?"

"ደንብ ነዋ! ውስጡን ትዘጊያለሽ፣ ጌተርና ሴተር ታወጪለታለሽ። እንደዚህ ነው የተማርነው።"

"ይሄ ሴተርህ እኮ የመጣውን ሁሉ 'ግባ' ነው የሚለው። ማነህ የለ፣ ለምን መጣህ የለ። እንዲህ ያለ ዘበኛ ደመወዝ የሚበላው በምን ሥራው ነው?"

"እንግዲያው አንቺን እናቁምበታ፤ ስሙ እንደሆነ አለሽ።"

"ከዚህስ በሩን ነቅለህ ብትጥለው ይሻል ነበር። ቢያንስ የተዘጋ መስሎ ሰው አያታልልም።"

ጭቅጭቁን የሰሙት አለቃ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከወዲያኛው ክፍል ብቅ አሉ። ነገሩን አስረዳቻቸው።

"እኛ የሰው ቤት ገብተን ሕግ አናወጣም" አሉ። "ሆስፒታሉ አንዳንዴ ሰው ማስቀደም ቢፈልግስ?"

"ይፈልጋል። ግን የሚያስቀድመው ሐኪሙ ነው፣ ያውም የበሽተኛውን ሕመም አይቶ።"

አለቃ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱና "እሱስ ልክ ነሽ። ይሁን፣ የምታስረክቢው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ወስኚ። ብቻ ከሰዓት በኋላ ይላካል፣ እንዳታዘገዪን" ብለው ተመለሱ።

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ ወደ ወንድሟ ፀጉር ቤት ሄደች። ጋሼ ነው የምትለው። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች መቀስ ያሳደጋት፣ በዚያች መቀስ ያስተማራት እሱ ነው። ለራሱ ጫማ ሳይገዛ ለእሷ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ነው። አሁን ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዶበታል። ፀጉር የሚቆርጠው በዓይኑ ሳይሆን በመዳፉ እየዳበሰ ነው፤ የድሮ ሙያ ባይኖረው ኖሮ እስካሁን ጉዱ በወጣ። ባለፈው ሰሞን የአንዱን ጆሮ ጫር አድርጎ "ምላጩ ነው፣ የዘንድሮ ምላጭ!" ብሎ አልፎታል። ደንበኞቹ ግን ቂል አይደሉም፤ አንድ በአንድ ማዶ ወዳለው ወጣት እየተሻገሩ ነው።

ገና ከመግባቷ እትዬ፣ የወንድሟ ሚስት፣ ፎጣ ማጠፏን ትታ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ሳበቻት።

"ስሚ እስቲ የኔ እመቤት። የሆስፒታሉን ነገር የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል? እንግዲህ አንዲት ቁጥር ናት። ሰው ግደይ አላልኩሽ።"

"እትዬ፣ እንደሱ እኮ አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም? ተራው እስኪደርስ ይሄ ቤት ይዘጋል። ከዚያ እሱ ምን ሊሆን ነው? ግድግዳ እያየ ሊቀመጥ ነው? ግድግዳውንስ መች ያየዋል!"

"ቆይ፣ ሲመዘገብ ሐኪሙን ምን አለው?"

እትዬ በምሬት ሳቀች። "ምን ይለዋል! 'ሥራህን ያውክሃል ወይ?' ሲለው 'ኧረ እኔ ቤት ነው የምውለው፣ ደህና ነኝ' አይለውም? ብጎሽመው ጭራሽ እኔን ተቆጣኝ። መጠበቅ ከሚችሉት ጋ መደቡት።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሄዶ እውነቱን ይንገራቸዋ።"

"ለሱ ንገሪው! እኔማ ብዬ ብዬ አፌ ደረቀ። 'ዝም አይነቅዝም' ነው መልሱ። ሞቶም አይናገርም። አንቺ ብትቀይሪለት ግን ሳይናገር፣ ሳይዋረድ ይድናል። ለሱ ይሄ ይበዛበታል?"

ይህ አነጋገር ልቧ ውስጥ ገባ።

"ሚጣ! ምን ታንሾካሽካላችሁ?" አለ ጋሼ ከውጭ።

"ኧረ ምንም ጋሼ!"

ብቅ ስትል ጋሼ ከመስታወቱ ሥር ያለውን መደርደሪያ በእጁ ያስሳል። የሚፈልገው መቀስ አፍንጫው ሥር ነው። ልታቀብለው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው፤ ማየቷን ቢያውቅ እንደሚያፍር ታውቃለች። ምሳዋን ሳትበላ ወጣች።

ቢሮ ስትመለስ ፈጣኑ የለም። ሆስፒታሉ የላከውን የበሽተኞች መዝገብ ወደ ፕሮግራሙ አስገብታ ስትጨርስ ወንድሟን ፈለገችና አገኘችው፤ ከታች፣ ከሩቅ ነው። ብዙም አላሰበችበትም። ከላይኞቹ አንዱን ቁጥር ጻፈችለትና ተጫነች።

ሴተሩ ምንም አላለም። ተቀበለ፣ አለቀ። ጋሼ ወደ ላይ ወጣ፤ በመሀል የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ ተራ ወደ ኋላ ተገፉ።

"ለምን በለኝ እንጂ!" አለችው ማሽኑን።

ማሽን ምን ይላል? የተገፉትን ማየት ጀመረች። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሐኪሙ በስሟ ሥር "መርፌ ማየት ስላልቻለች ሥራ አቁማለች" ብሎ ጽፎላታል። ከሷ በታች ያለው ልጅ ሰሌዳ አይታየውም። ሁሉም የሆነባቸውን ሳያፍሩ ተናግረው ነው እዚያ የደረሱት። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ አንብባም ቁጥሩን ለመመለስ እጇ ከበዳት። ስርቆት አልመሰላትም፤ ውለታ መክፈል ነበር የመሰላት። ራሷን የፈራችውም እዚህ ላይ ነው። እሷ፣ ያን ሁሉ የምትለፈልፈው፣ እንዲህ በቀላሉ ከገባች ሌላው እንዴት አይገባ?

ቁጥሩን መለሰችው። ቀጥላም የተራውን ሴተር አጠፋች። በምትኩ ሐኪም ብቻ የሚያዘው፣ ምክንያት ካልተጻፈለት ንቅንቅ የማይል ማስቀደሚያ ጻፈች። ፈጣኑ ከምሳ ሲመለስ በትከሻዋ በኩል አየው።

"ጌተሩንስ ተውሽው?"

"ይቆይ። ተራውን ማየት የማንም መብት ነው።"

"አንቺ እኮ የእናትሽ ልጅ ቢመጣም አታስገቢም!" አለና ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ፕሮግራሙን ለሆስፒታሉ ላከችው።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ጋሼ ዘንድ ሄደች። ፀጉር ቤቱ ባዶ ነው፤ ጋሼ በራሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እትዬ ወለሉን ትጠርጋለች።

"ጋሼ፣ ዛሬ የሆስፒታል ተራህን ቀይሬው ነበር።"

እትዬ መጥረጊያዋን ይዛ ቀጥ አለች።

"መልሼም አስተካከልኩት" አለች።

"ማን ቀይሪ አለሽ?" አለ ጋሼ።

"እኔ ነኝ!" አለች እትዬ። "ተቆጣኝ እንግዲህ!"

አልተቆጣም። ፊቱን ወደ እህቱ ድምፅ አዞረ። "ለምን መለስሽው ታዲያ?"

"ከፊትህ ያሉት የሆነባቸውን ተናግረው ነው። አንተ ደህና ነኝ ብለሃል። ከእንግዲህ ሐኪሙ ምክንያት ካልጻፈ እኔም ብሆን መቀየር አልችልም። ምክንያቱን ደግሞ አንተ ካልነገርከው ከየት ያመጣዋል?"

"ዘጋሽበት በይኛ!" እትዬ መጥረጊያውን ወረወረች። "አይ እህት! አይ ማሳደግ!"

"ተይ አንቺ" አለ ጋሼ። ቀጥሎ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ "ፀጉር አስተካካይ ሆኜ አላይም ልበል? ነገ ይሄ ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?"

እህቱ እንባዋ መጣ፤ ከዛሬ ወዲያ ባያናግረኝስ ብላ ፈራች።

በዚህ መሀል አንድ ወጣት በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። "ጋሼ፣ ጢሜን ነበር።"

"ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ።" ጋሼ ወንበሩን ለቀቀለት፤ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረ፣ ምላጩን አነሳ። በግራ መዳፉ የልጁን መንጋጋ ዳበሰ። አንዴ ዳበሰ፣ ደገመ።

ምላጩን መልሶ አስቀመጠው።

"ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ" አለ። "ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ጢምህ አይታየኝም። ማዶ ያለው ልጅ እጁ ጥሩ ነው፣ እሱ ጋ ሂድ።"

ወጣቱ ደንገጥ ብሎ ተነሳ። "ኧረ እግዜር ይማርዎት ጋሼ፤ ሲሻልዎት እመጣለሁ" አለና ወጣ።

ጋሼ ጨርቁን አራገፈና ትከሻው ላይ ጣል አደረገው። እትዬ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

"ሐኪሙንም እንዲህ ነው የምለው?" አለ።

"እንደዚሁ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ጠዋት ቀደም ብለሽ ነይ" አላት። "አስፋልቱን ስሻገር ትይዢኛለሽ።"