የሱቆቹ ስም

«ከሶፊያ ሰዎች ሊመጡ ነው አሉ። የሪፖርቱን ሥራ ጠቅልለው ሊረከቡት!»

ዢቭኮ ይህን ወሬ ሰኞ ነገረኝ፤ ማክሰኞም ነገረኝ። ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ባኒትሳውን፣ ያን በአይብ የተጋገረ ቂጣ፣ እያላመጠ ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈና እንደ አዲስ ጀመረው። የእርጎ ፋብሪካችንን መኪናዎች የሚያሰማራው እሱ ነው፤ ከመኪናዎቹ ቀድሞ ግን ወሬውን ያሰማራል።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አንቺ ልጅ፣ ላንቺው ብዬ እኮ ነው። ዲፕሎማ የለሽ፣ ዘመድ የለሽ። መጀመሪያ የሚነሳው ያንቺ ወንበር ነው።»

«መጀመሪያ ፍርፋሪህን ከኪቦርዴ ላይ አንሳ።»

ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር መርገፍገፉን አላቆመም።

ፕሌቨን ከተማ ውስጥ ዳታቤዝ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከወተት መቀበያው ተነስቼ ኮምፒውተሩ ፊት የደረስኩት መመሪያ እያነበብኩ፣ እየተሳሳትኩ፣ የተሳሳትኩትን እያፈረስኩ ነው። ያቺን ወንበር ማንም አልሸለመኝም፤ ማንም እንዲነጥቀኝ ደግሞ አልፈለግኩም።

ሥራ አስኪያጃችን ቻካሮቭ የሰጠኝ ሥራ አጭር ነበር፦ «ሽያጩን ሰው ሳልጠራ ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።» ማለቱ ቀላል ነው። ዳታቤዙን የሠራው፣ ሁላችንም ቺቾ (አጎቴ) የምንለው ጋቭሪል ጡረታ ወጥቶ ቃሪያ ያለማል፤ ለሠንጠረዦቹ ያወጣላቸው ስም ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር ነው፣ በቃ። እንኳን ለሥራ አስኪያጅ ለጠንቋይም አይገባም። እኔ ጥሬውን መረጃ ሳልነካ ከላዩ ሌላ እይታ አሰናዳሁለት፦ ይህ ዓምድ «ከተማ» ተብሎ ይታይ፣ ያኛው «የተሸጠ እርጎ»፣ ያ ደግሞ «ተመላሽ»፤ ይህ ሠንጠረዥ ከዚያኛው ጋር በዚህ በኩል ይያያዝ። ቻካሮቭ የሚያየው የሚገባውን ስም ብቻ ነው። ይነካዋል፣ ሪፖርቱ ይወጣል።

«ሱቅ» ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። የሱቅ ስም የሚመስሉ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ አንደኛው ግማሹ ባዶ፣ ሌላኛው እስከ አፉ ሙሉ።

«ለቺቾ ጋቭሪል ደውዪለት» አለ ዢቭኮ።

«አልደውልም።»

«ምን አደረገሽ?»

«ሲሰናበት ምን እንዳለ ረሳኸው? ‹ይቺ ልጅ ወደ እርጎዋ ትመለስ› ነበር ያለው።»

«እና አንድ ስልክ ብትደውዪ እርጎው ይደፋል?»

አልደወልኩም። የሞላውን ዓምድ ከፈትኩና ከላይ ከላዩ አየሁት፦ «ሦስቱ ዛፎች»፣ «ድልድዩ ጋ»፣ «ነጩ በር»። ለሱቅ ስም ምን ይጎድላቸዋል? ወደ ታች መውረድ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የሶፊያዎቹ እየመሰለኝ ብድግ ቁጭ እል ነበር። መረጥኩት፣ አያያዝኩት፣ ዘጋሁት።

ሐሙስ ሱፍ የለበሱ ሁለት እንግዶች ከቻካሮቭ ጋር ወደ ላይ ወጡ።

«አላልኩሽም?» አለ ዢቭኮ፤ ዓይኑ በደስታ ያበራል።

ወዲያው ተጠራሁ። ቻካሮቭ ደስ ብሎት ነበር። «ራሊትሳ፣ እስኪ ያንን ነገርሽን አሳዪን። እንግዶችም ይዩት።»

ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። ከተማው በከተማ፣ ወሩ በወር፣ ሁሉም እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከዚያ ቻካሮቭ ራሱ ማውሱን ያዘና «ብዙ የሚሸጡ ሱቆች» የሚለውን ነካ።

«ቀብቃባው ፔንቾ»። «ሁለቴ የፈታው»። «ጢማሟ»።

እንግዶቹ ሳቁ፤ አንደኛው ዕንባውን ጠረገ። ቻካሮቭ አልሳቀም። ከ«ጢማሟ» ጎን የተጻፈው የትውልድ መንደሩ ነው፤ በዚያ መንደር ጢም ያላት ባለሱቅ ደግሞ አንዲት ናት፣ እሱን ያሳደገችው አክስቱ ሌልያ ስቴፍካ።

ያኔ ገባኝ። ዓምዱ የሾፌሮቹ ነው። መንደር ለመንደር ሲዞሩ ሱቁን የሚያውቁት ፈቃዱ ላይ ባለው ስም አይደለም፣ በሚጠሩት ስም ነው።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለ ቻካሮቭ።

ዢቭኮ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ኖራ መስሏል። «ሾፌሮቹ» ብል ይባረራሉ፤ ከሰዓት በኋላ እርጎውን የሚጭነው ሌላ ሰው ይሆናል።

«ሠንጠረዡ ውስጥ ያገኘሁት ነው።»

«ሠንጠረዥ እጅ የለውም!»

«እኔ ያለውን ነው ያሳየሁት።»

ቻካሮቭ ማውሱን ገፋ አደረገው። «ሰኞ እንነጋገራለን።»

ሰኞ! ሊያሰናብተኝ ነው፣ ያውም በሶፊያዎቹ ፊት! ተገፍትሬ የምወጣ ሰው አይደለሁም።

«ሰኞ ከእንግዶችዎ ጋር ይነጋገሩ» አልኩት። «ወንበሯን አሙቄላቸዋለሁ፣ ይቀመጡባት።»

የመግቢያ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። ቻካሮቭ «ራሊትሳ!» ሲል ሰምቻለሁ፤ ደረጃውን ግን እያጋመስኩት ነበር።

ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ቀጠረኝ። እዚህም ሠንጠረዥ ነው፣ እዚህም እግሬ አያርፍም። በመከሩ፣ ቃሪያ በሚጠበስበት ሰሞን ዢቭኮ ደወለ።

«እነዚያ ሁለቱ እኮ የመኪና ኢንሹራንስ ሰዎች ነበሩ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቻካሮቭ የሶፊያዎቹን የጠራቸው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። የሚሠራው ሰው ሲያጣ ምን ያድርግ?»

«አንተ ምላስህ ይቆረጥ!»

«ቆይ፣ ‹ማን ጻፈው?› ያለውን ጥያቄ አልተውኩም። ትናንት ሌልያ ስቴፍካን አገኘኋትና ጠየቅኳት።»

«ምኑን?»

«ስሙን ነዋ። መንገዱ ማዶ ሌላ ባለሱቅ ስቴፍካ አለች፤ አዳዲስ ሾፌሮች እርጎዋን እዚያ እያራገፉባት ተቸገረች። ቺቾ ጋቭሪል ጋ ደውላ ‹ጢማሟ ብለህ ጻፍልኝ› ያለችው ራሷ ናት።»