የሀጂ ቲጃኒ መኪና የኋላ ወንበር

ሙርሺድ የአባቱን መርሴዲስ ሊሸጥ የተነሳው ጠልቶት አይደለም። የቡና ለቀማ ደርሷል፤ የመፈልፈያ ማሽን የሌለው ሰው ደግሞ እሸቱን ተሸክሞ የደላላ ደጅ ይጠናል። ሙርሺድን ደጅ መጥናት አንገሽግሾታል። ስለዚህ አባቱ ሀጂ ቲጃኒ ከሞቱ ወዲህ ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን ጥቁር መኪና ሸጦ ማሽን ሊገዛበት ጅማ አምጥቶ አሳደሰው። ሲያልቅ ኮፈኑን እያዩ ጢም መላጨት ይቻል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለው፤ የኋላው ወንበር ላይ ያለ ጥቁር እድፍ። አባቱን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው «ቡና ፈሶበት ነው» ብለውት ነበር። ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ እናቱ ኡሙልኸይር ጡት ሳይተው ነው የሞተችው። መቼም የቡና እድፍ እንዲህ አይከርም። ሳሙናም ሎሚም ቤንዚንም ሲያቅተው ቆዳውን አስገፍፎ ለጫማ ሰፊ ሰጠና በአዲስ አሰፋው።

ገዢው ናኦድ ከአዲስ አበባ መጣ። የድሮ መኪና የሚሰበስብ፣ የመኪና በር በነጭ ጓንት የሚከፍት ሰው ነው። ሁሉን ወደደ። የኋላ ወንበሩን ሲያይ ግን ለቅሶ ቤት የገባ መሰለ።

«የፋብሪካው ቆዳ የታለ?»

«እድፍ ነበረበት፤ አስለወጥኩት።»

«ከነእድፉ እገዛው ነበር እኮ።»

ሙርሺድ እድፍ የሚገዛ ሰው አይቶ አያውቅም። ናኦድም እያዘነ፣ «ይሁን፣ አጋሮ ድረስ ነድተን እንየውና እንዋዋላለን» አለ።

ሙርሺድ መስኮቱን ዘግቶ፣ ክላክስ ሳይነካ ነዳ። ምክንያት ነበረው። ሀጂ ቲጃኒ በየመንደሩ ሲያልፉ ክላክስ ሦስት ጊዜ ያሰሙ ነበር፤ ምጥ የያዛት ወይ የታመመ ካለ አምጡ ማለት ነው። ያገሩ ሰው ይህን አልረሳም። ናኦድ ግን ከየት ይወቀው?

«ክላክሱስ ይሠራል?» አለና እጁን ዘርግቶ ሦስት ጊዜ ነፋው።

«ያ አላህ» አለ ሙርሺድ በቀስታ።

ከቡናው መሀል አሮጊቷ አዋላጅ አዴ ሀዋ ወጡ። ከኋላቸው ሴቶች ረይሃና የምትባል ምጥ ላይ ያለች ልጅ ደግፈው መጡ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፤ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። ማንም ማንንም አላስፈቀደም። በሩን ከፍተው ረይሃናን አስገቧት፣ አዴ ሀዋም ተከትለው ገቡ።

«ፌስታል አንጥፉ» አለ ናኦድ። ፌስታል የያዘ ሰው አልነበረም።

አጋሮ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ሕፃኗ ተወለደች። ናኦድ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ሳያይ ጓንቱን አውልቆ ለአዴ ሀዋ አቀበላቸው፤ እጃቸውን ጠረጉበት።

እናትና ልጅ ገብተው በደህና መሆናቸው ከተነገረ በኋላ አዴ ሀዋ ወንበሩን ትኩር ብለው አዩት።

«ቀየርከው እንዴ?»

«እድፍ ነበረበት፣ አዴ።»

«ማሎ፣ ምነው ልጄ፣ ኡሙልኸይር አንተን የወለደችበት እኮ ነው። በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩህ። እሷ ስትሞት ልናጥበው ብንል አባትህ ከለከለን።»

«ቡና ነው ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለወንድ ልጁ ምን ይበል?»

ሙርሺድ የእናቱ ፎቶ እንኳ የለውም። አንዲት ማስታወሻ ቀርታለት ኖሮ፣ እሷንም በቤንዚን ሲፈትግ ከርሟል።

ናኦድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትከሻውን ያዘው። «ወንበሩን እንደገና አስለውጥልኝ፤ በተባባልነው እወስደዋለሁ።»

ሙርሺድ ማሽኑን አሰበ። ዘንድሮም የደላላ ደጅ እንደሚጠና አሰበ። ከዚያ ገና ያልደረቀውን ወንበር አየ።

«አይለወጥም» አለ። «መኪናውም አይሸጥም።»

ናኦድ በሚኒባስ ተመለሰ። ሙርሺድ ጅማ እንደገባ ቤቱ ሳይደርስ በቀጥታ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄደ።

«ያ የሰጠሁህ ቆዳ?»

«ግሩም ጫማ ወጣው፤ ወዲያው ነው የተሸጠው።»

«ማን ገዛው?»

«ገበያ ነው ወንድሜ፣ ማን ብዬ ልያዘው?»

ከዚያ ወዲህ ሙርሺድ ሰው ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያየው እግሩን ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይመጣል።